ቢመር ላይ ፎቶ ሙሉ ስላይዱን እንዲሞላ ማድረግ፦ ነጩ ጠርዝ አልጠፋ አለኝ

ሐይቅዳር

ሰላም ለሁላችሁም። ከሐዋሳ ነኝ። የማስተርስ ጽሑፌ በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ማስገር ላይ ነው፣ ዲፌንስም ደርሶብኛል። ጽሑፉን በላቴክ (ሰነድን በትእዛዝ እየጻፉ በሚያዘጋጁበት ፕሮግራም) ስለሠራሁት ስላይዱንም እዚያው በቢመር፣ በላቴክ የስላይድ ማዘጋጃ፣ ልጨርሰው ብዬ ተነሳሁ። ሠንጠረዡም ግራፉም ቀመሩም ሸጋ ሆኖ ወጥቷል። ያስቸገረኝ ፎቶው ነው።

አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ያነሳኋቸው ፎቶዎች አሉኝ። ጀልባ ከሐይቁ ሲመለስ፣ መረብ ሲፈታ፣ ዓሣ ሲበለት፣ ከጎን ደግሞ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ሆድቃውን ሲጠብቁ። እነዚህን በትንሽ ሳጥን ከጽሑፍ ጎን ማስቀመጥ አልፈልግም። ፎቶው ብቻውን ስክሪኑን ሞልቶ ይታይ፣ እኔ በቃሌ ላስረዳ ነው ሐሳቤ።

አሁን የማደርገው ፍሬም (አንድ ስላይድ) ከፍቼ፣ ውስጡ ኢንክሉድግራፊክስ የሚለውን የፎቶ ማስገቢያ ትእዛዝ ጽፌ፣ ስፋቱን ቴክስትዊድዝ (የጽሑፉ ስፋት) ማድረግ ነው። ውጤቱ ግን በግራና በቀኝ ነጭ ጠርዝ ይቀራል፣ ከላይ የርዕሱ ሰማያዊ አሞሌ ይቀመጣል፣ የፎቶው ታች ደግሞ ከገጹ ወርዶ ይቆረጣል። ስፋቱን 1.2 ቴክስትዊድዝ ባደርገው ወደ ቀኝ ሸሽቶ ይወጣል፣ የግራው ጠርዝ ግን ንቅንቅ አይልም። ምን ይሻላል?

(ከስልክ ስለምጽፍ ትእዛዞቹን በፊደላችን ነው ያስቀመጥኳቸው፣ እናንተም እንደዚያው ብትጽፉልኝ ይገባኛል።)

---

የታቦር ልጅ

እንኳን ደስ አለሽ፣ ዲፌንስ መድረስ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ፎቶውን እንደ ጽሑፍ እያስገባሽው መሆኑ ነው። ቢመር ፍሬም ውስጥ የምታስገቢውን ነገር ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል፣ ለጽሑፍ ደግሞ ጠርዝ አለው። ገጹ ሳይነካ ሲቀር 128 ሚሊሜትር በ96 ነው። ከዚህ ላይ በግራ 1 ሴንቲሜትር፣ በቀኝ 1 ሴንቲሜትር ይቀነሳል። ቴክስትዊድዝ የምትዪው የተረፈው 108 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ቴክስትዊድዝ እስካልሽ ድረስ ነጩ ጠርዝ አይለቅሽም። 1.2 ስትዪው ደግሞ መነሻው የግራው ጠርዝ ስለሆነ ትርፉ በሙሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ሙሉ ገጽ ፎቶ ከጽሑፉ ሥር፣ ከገጹ ጀርባ ነው መቀመጥ ያለበት። ለዚህ ዩዝባክግራውንድቴምፕሌት የሚባል ትእዛዝ አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ከፍሬሙ በፊት አንድ ጥምዝ ቅንፍ ትከፍቻለሽ። ቀጥሎ ዩዝባክግራውንድቴምፕሌት ብለሽ በራሱ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ኢንክሉድግራፊክስን ታስገቢያለሽ፣ ስፋቱን ፔፐርዊድዝ (የገጹ ሙሉ ስፋት)፣ ቁመቱን ፔፐርሃይት (የገጹ ሙሉ ቁመት) አድርገሽ። ከዚያ ፍሬሙን በማዕዘን ቅንፍ ፕሌይን ብለሽ ትከፍቺና ምንም ሳትጽፊበት ትዘጊዋለሽ። መጨረሻ ላይ ያን የመጀመሪያውን ጥምዝ ቅንፍ ትዘጊያለሽ።

ፕሌይን የሚለው የላዩን አሞሌ፣ የታቹን አሞሌና የጎኑን ያነሳልሻል። የውጪው ጥምዝ ቅንፍ ደግሞ ፎቶው በዚያ ስላይድ ብቻ እንዲቀር ያደርጋል። እሱን ከረሳሽው የጀልባው ፎቶ ከዚያ በኋላ ባለው ስላይድ ሁሉ፣ በማጣቀሻው ገጽ ሳይቀር፣ ከጀርባ ተከትሎሽ ይመጣል።

የፎቶ ስላይዶቹ በቁጥር እንዲገቡ ካልፈለግሽ ፕሌይን ካለው ጎን ኮማ አድርገሽ ኖፍሬምነምበሪንግ ጨምሪበት።

---

ሐይቅዳር

ተባረክ! ጠርዙ ጠፋ፣ አሞሌውም ጠፋ። ስላይዱ ግጥም ብሎ ሞልቷል።

ግን አንድ ነገር አየሁ። ስላይዱን ሰፊ እንዲሆን አስፔክትሬሽዮ 169 ብዬ ነው የከፈትኩት። ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ወፍረው፣ ጀልባው ረዝሞ ይታያል። መለኪያ ሰሌዳ ላይ ያስተኛሁት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም እንዲሁ ቀጥኖ ረዝሟል። ፎቶውን በስልኬ ስከፍተው ግን ልክ ነው።

---

ፎቶ ቤት ፒያሳ

እዚህ ጋ እኔ ልግባ፣ ሥራዬ ስለሆነ።

የስልክ ካሜራ ፎቶ ብዙውን ጊዜ 4 በ3 ነው። ለምሳሌ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ 4000 በ3000 ፒክስል ያወጣል። አንቺ የመረጥሽው ስላይድ ደግሞ 16 በ9 ነው፣ በቢመር 160 ሚሊሜትር በ90 ማለት ነው። ስፋትም ቁመትም አንድ ላይ ስታዢው ላቴክ ታዛዥ ነው፣ ፎቶውን ለጥጦ ይሞላልሻል። ልዩነቱን ብታሰዪው ሁሉ ነገር ወደ ጎን በ33 በመቶ ያህል ተለጥጧል።

ለሠርግ ፎቶ ቢሆን ሙሽሪት ትቆጣለች፣ በዚያ ያበቃል። ያንቺ ግን ጥናት ነው። ቆሮሶ ሰውነቱ ሰፋ ያለ ዓሣ ነው፣ የቁመቱና የወርዱ ምጣኔ ራሱ መታወቂያው ነው። ያን በሲሶ ለጥጠሽ ዓሣ በሚያውቅ ኤግዛሚነር ፊት ማቅረብ አይገባም። ፎቶ በጭራሽ አይለጠጥ። ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ከጎኑ ባዶ ቦታ ይተውለታል። ሌላ መንገድ የለም።

---

ኮድ ቤት

ይሄ ሁሉ ለምን? ማርፕ የሚባለውን የስላይድ መሥሪያ ተጠቀሚ። በማርክዳውን፣ ጥቂት ምልክት ባለው ተራ ጽሑፍ፣ ነው የሚጻፈው። የፎቶ ምልክቱን ትጽፊና በማዕዘን ቅንፉ ውስጥ ቢጂ የሚሉ ሁለት ፊደላት ታስገቢያለሽ፣ አለቀ። ፎቶው ሳይለጠጥ ገጹን ይሞላል፣ የተረፈው ከጠርዝ ይቆረጣል። ሳይቆረጥ ሙሉው እንዲታይ ካሻሽ ቢጂ ፊት ትያለሽ። ሪቪልጄኤስ የሚባለው በብራውዘር የሚከፈት የስላይድ መሥሪያም እንዲሁ ነው፣ ለጀርባ ፎቶ ካቨር የሚለው ሳይጠየቅ የሚሠራው ነው፣ ኮንቴይን ካልሽው ደግሞ ሙሉውን ያሳያል። ቢመር ላይ በቅንፍ ብዛት ዓይን ከሚጠፋ እዚያ አንድ መስመር ነው።

---

የታቦር ልጅ

@ኮድ ቤት ማርፕን እኔም እወደዋለሁ፣ ለሥራ ቦታ ስብሰባ የምጠቀመው እሱን ነው። ለሙሉ ገጽ ፎቶ ከቢመር ይቀላል፣ በዚህ አልከራከርህም። ግን እህታችን ቀመሩን፣ ሠንጠረዡን፣ የማጣቀሻ ፋይሏን ሁሉ በላቴክ ጨርሳለች። ዲፌንስ በደረሰበት ሰዓት ቤት አይለወጥም። ለሚቀጥለው ሥራዋ ትያዘው።

ደግሞ ቢመር የሚያወጣው ተራ ፒዲኤፍ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ያረጀም ቢሆን ይከፍተዋል።

---

ኮድ ቤት

ማርፕም ፒዲኤፍ ያወጣል ወንድሜ። ግን እሺ፣ በደረሰበት ሰዓት ቤት አይለወጥም ያልከው ትክክል ነው።

---

ሐይቅዳር

@ፎቶ ቤት ፒያሳ እውነትህን ነው፣ ስለ ዓሣው ምጣኔ ስትለኝ ደነገጥኩ። እሺ ይቆረጥ ካልን እንዴት ነው የምቆርጠው? ከላይ ወይስ ከታች? ላቴክ ራሱ ይቆርጣል ወይስ አስቀድሜ ልቁረጥ?

---

ፎቶ ቤት ፒያሳ

አስቀድመሽ ቁረጪ። 4000 በ3000 የሆነውን ወደ 16 በ9 ስታመጪው 4000 በ2250 ይሆናል። ማለትም ከቁመቱ 750 መስመር ይጣላል፣ ሩቡ ማለት ነው። ሩብ ብዙ ነው። ስለዚህ የትኛው ሩብ እንደሚሄድ አንቺ ወስኚ፣ ለማሽን አትተዪው።

የሐይቅ ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ሰማዩ ትርፍ ነው፣ ከላይ ቁረጪ። ጀልባው ውስጥ ያለው መረብ ከታች ከሆነ ታቹን አትንኪ። የመለኪያ ሰሌዳው ፎቶ ላይ ደግሞ የሴንቲሜትሩ ቁጥር የትኛው ጠርዝ ላይ እንዳለ እዪ። እሱ ከተቆረጠ ፎቶው ማስረጃ መሆኑ ቀረ። የቁም ፎቶ ካለሽ ደግሞ አትቁረጪው፣ ከቁም ፎቶ 16 በ9 ብታወጪ መሃሉ ላይ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ነው የሚተርፍሽ።

በስልክሽ ጋለሪ ውስጥ ማስተካከያው ላይ 16፡9 የሚል ምርጫ አለ፣ ጣትሽን እየጎተትሽ ክፈፉን የምትፈልጊው ቦታ ታሳርፊዋለሽ። ለጥቂት ፎቶ ከዚህ የተሻለ የለም። አንዱንም ሳታዪው አያልፍም።

---

የታቦር ልጅ

ፎቶው ብዙ ከሆነ ደግሞ ኢሜጅማጂክ አለ፣ ነፃ ነው፣ ከትእዛዝ መስመር ይሠራል። ሪሳይዝ ብለሽ 1920 በ1080 ትሰጪዋለሽ፣ ከቁጥሩ ኋላ ^ ምልክት ታደርጊበታለሽ። ያ ምልክት «ሁለቱንም ጎን እስኪሞላ አሳንስ፣ የተረፈው ይትረፍ» ማለት ነው። ከዚያ ግራቪቲ ብለሽ የቱ ጋ እንደሚይዝ ትነግሪዋለሽ፦ ሴንተር ካልሽ መሃሉን፣ ሳውዝ ካልሽ ታቹን ይይዛል። ሰማዩ ይሂድ ካልሽ ሳውዝ ነው። መጨረሻ ላይ ኤክስቴንት 1920 በ1080 ስትዪ ይቆርጠዋል። ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ያን ቁጥር ከነምልክቱ በድርብ ጥቅስ ውስጥ አድርጊው፣ ያለበለዚያ ምልክቱን የዊንዶውሱ ጥቁር መስኮት ይበላዋል።

ሞግሪፋይ የሚለውን ትእዛዝ ግን ኦሪጅናሉ ባለበት ፎልደር ውስጥ እንዳትነኪው፣ ፋይሉን በላዩ ላይ ነው የሚጽፍበት። መጀመሪያ ኮፒ አድርጊ።

1920 በ1080 ለ160 ሚሊሜትር ገጽ ይበቃል፣ በኢንች ወደ 305 ነጥብ ይመጣል። ፕሮጀክተሩ ራሱ ከዚያ በላይ ላያሳይ ይችላል።

የቁም ፎቶውንና መቆረጥ የሌለበትን ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ከስፋቱና ከቁመቱ ጎን ኪፕአስፔክትሬሽዮ ጨምሪ። ሳይለጠጥ ገጹ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያድጋል። ነገር ግን መሃል አይሆንልሽም፣ ወደ ጥግ ይሄዳል። መሃል ለማምጣት ቲክዝ (የላቴክ የሥዕል መሣያ) ይሻላል፦ ሪመምበር ፒክቸርና ኦቨርሌይ ብለሽ ከፍተሽ፣ ፎቶውን ከገጹ መሃል ነጥብ፣ ከረንት ፔጅ ሴንተር ከሚለው ላይ ትሰቅይዋለሽ። ይሄን ስትጠቀሚ ሁለት ጊዜ ኮምፓይል አድርጊ (ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ለውጪ)። በመጀመሪያው ዙር ገጹ የት እንዳለ ገና አያውቅም፣ ፎቶው የትም ሄዶ ታገኚዋለሽ፣ በሁለተኛው ይስተካከላል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዙር ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

ከጎኑ የሚቀረው ባዶ ቦታ ነጭ ከሆነ ዓይን ይወጋል። በዚያው ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የባክግራውንድ ካንቫሱን ቀለም ጥቁር አድርጊው። አዳራሹ ጨለም ካለ ጠርዙ ጭራሽ አይታይም።

---

አዳማ ላይ

ከአዳማ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዳራሽና ፕሮጀክተር አዘጋጃለሁ። አንድ ነገር ማንም አላነሳም፦ የምታቀርቢበት ክፍል ፕሮጀክተር 16 በ9 ነው ወይ? ብዙ ክፍል ውስጥ ገና አሮጌዎቹ 1024 በ768 የሚያሳዩት ናቸው፣ እነሱ 4 በ3 ናቸው። 16 በ9 ስላይድ እዚያ ላይ ስትከፍቺ 1024 በ576 ሆኖ ነው የሚታየው፣ ከላይ 96 ከታች 96 መስመር ጥቁር ይቀራል። ሙሉ ገጽ ብለሽ የደከምሽበት ሙሉ ሳይሆን ይቀራል።

የስልክ ፎቶሽ 4 በ3፣ ፕሮጀክተሩም 4 በ3 ከሆነ ቢመርን እንዳለ በ4 በ3 ተዪው። ምንም መቁረጥ የለም፣ ፎቶው ከጫፍ ጫፍ ይገጥማል። ከዲፌንሱ በፊት ሄደሽ ክፍሉን እዪ፣ የሚያዘጋጀውን ልጅ ጠይቂ፣ ደስ ብሎት ይነግርሻል። ቀኑ ላይ ኬብል በእጅ ይዞ ከመሯሯጥ ይሻላል።

መጋረጃውንም እዪ። ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ከሆነ ጎህ ሲቀድ ያነሳሻቸው ጨለም ያሉ ፎቶዎች ግድግዳው ላይ ምንም አይታዩም። ላፕቶፕሽ ላይ ሲያምሩ አትመኚ፣ ብርሃናቸውን ከፍ አድርጊ።

---

ሐይቅዳር

@አዳማ ላይ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ጭራሽ አላሰብኩትም። ዛሬ ደውዬ ጠየቅኩ፣ የእኛ ክፍል ያለው ሰፊው ነው። ስለዚህ በ16 በ9 እቀጥላለሁ፣ የዓሣ መለኪያዎቹን ብቻ ሳልቆርጥ በጥቁር ጠርዝ አደርጋቸዋለሁ።

ሌላ ጥያቄ። አንዳንዱ ፎቶ ላይ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ «መረብ ሲፈታ፣ አሞራ ገደል» ዓይነት። ዚላቴክ (ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን ፎንቶች የሚጠቀመው የላቴክ ዓይነት) ነው የምጠቀመው፣ ሴትሜይንፎንት ብዬ አቢሲኒካ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ሰጥቼዋለሁ። ሆኖም ስላይዱ ላይ ፊደሉ ባዶ ሆኖ ነው የሚወጣው። በጽሑፌ ላይ ያው ፎንት በደንብ ሠርቷል።

---

መምህር ከሐዋሳ

ልጄ፣ ይህ ብዙ ተማሪ የሚያለቅስበት ቦታ ነው። ቢመር ጽሑፉን የሚጽፈው በሜይን ፎንት አይደለም፣ በሳንስ ፎንት ነው። ስለዚህ ሴትሜይንፎንት ያልሽውን አልተመለከተውም። ሴትሳንስፎንት ብለሽ ያንኑ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ስጪው፣ ወይም ለስላይድ ወፈር የሚለውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጊ። ወዲያው ይወጣል።

እኔ ፎቶ ላይ ለሚጻፍ ነገር ኖቶን እመርጣለሁ። የአቢሲኒካ ፊደል ለወረቀት ያምራል፣ ነገር ግን ቀጫጭን ጭረቶች አሉት። ውሃ ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ዝንጉርጉር ነገር ላይ ሲያርፍ ሩቅ ለተቀመጠ ሰው «ሰ» እና «ሱ» አይለይም፣ የሱ እግር እዚያው ጠፍቶ ይቀራል። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በእንዲህ ያለች ትንሽ ቅጥያ ላይ ስለሆነ መጠኑን ለላቲን ከምትሰጪው ከፍ አድርጊው።

ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ጥቁር ቅብ አድርጊበት። በቲክዝ ከገጹ ታች አራት ማዕዘን ሣይ፣ ጥቁር ሙላው፣ ኦፓሲቲውን 0.5 ወይም 0.6 አድርጊ፣ ጽሑፉን በነጭ ከላዩ ጻፊ። ፎቶው ከሥሩ በመጠኑ ይታያል፣ ፊደሉም ይነበባል። አንድ መስመር ይበቃል። ከአንድ መስመር ካለፈ ለጽሑፉ ሌላ ስላይድ ክፈቺለት።

ቲል ታንታው ቢመርን በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው ለራሱ የዶክትሬት ዲፌንስ ስላይድ ለመሥራት ነበር። ለዚህ ሥራ የተበጀ ነው፣ አይዞሽ።

ከቴክኒኩ ውጪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎቶዎቹ ላይ የሰዎች ፊት አለ?

---

ሐይቅዳር

ጋሼ ፎንቱ ወጣ! ሴትሳንስፎንት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

አዎ፣ የአንዳንዶቹ ፊት ይታያል። አብዛኞቹ ፈቅደውልኛል፣ በጽሑፍ የያዝኩት አለ። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ የያዙት ግን ፊታቸው እንዲታይ አልፈለጉም፣ እኔም ቃል ገብቻለሁ። እነዚያን በላቴክ ትሪምና ክሊፕ ብዬ ከወገብ በላይ ቆርጬ፣ እጃቸውና መረቡ ብቻ እንዲታይ ላደርግ ነው ያሰብኩት። ትሪም ላይ አራቱ ቁጥር ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ መሆኑን አይቻለሁ።

---

መምህር ከሐዋሳ

የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው። በትሪምና ክሊፕ አትቁረጪው። ይህን በደንብ ያዢልኝ።

ትሪምና ክሊፕ ፎቶውን አይቆርጠውም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። ላቴክ የጄፔግ ፋይሉን እንዳለ፣ ሙሉውን፣ ፒዲኤፉ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ «ከዚህ እስከዚህ ብቻ አሳይ» የሚል ትእዛዝ ይጽፍበታል። ስክሪኑ ላይ ፊቱ አይታይም። ፋይሉ ውስጥ ግን አለ። ከፒዲኤፍ ምስሎችን የሚያወጣ ተራ ነፃ ፕሮግራም ያለው ሰው ሙሉውን ፎቶ ከነፊቱ ያወጣዋል። ከላዩ ጥቁር ሳጥን ብትሥይበትም ያው ነው፣ ሳጥኑ ከላይ የተቀመጠ ሌላ ነገር ነው፣ ከሥሩ ያለው አልተነካም።

ስላይድሽ ደግሞ ከዲፌንሱ በኋላ እጅሽ ላይ አይቀርም። ለኤግዛሚነሩ ይላካል፣ ለክፍሉ ኮፒ ይቀራል፣ ተማሪ ይቀባበለዋል። ያ አሣ አስጋሪ ቃልሽን አምኖ ነው መረቡን ያሳየሽ።

ስለዚህ ፊት ያለበትን ፎቶ በስልክሽም ይሁን በኢሜጅማጂክ በትክክል ቁረጪና አዲስ ፋይል አድርገሽ አስቀምጪ። ላቴክ የሚያየው ያን አዲሱን ብቻ ይሁን። ኦሪጅናሉን ስላይዱ ካለበት ፎልደር አውጪው።

ሁለተኛ፣ የስልክ ፎቶ ውስጡ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ይይዛል፣ ሎኬሽን ክፍት ከነበረም የቦታውን ልክ ይይዛል። ያ መረጃ ከፎቶው ጋር አብሮ ይጓዛል። አንድ ሰው ሌሊት መረብ የሚጥልበትን ቦታ ለማንም ልትሰጪ አይገባም። ኢሜጅማጂክ ላይ ስትሪፕ ስትዪው ሁሉንም ይጠርገዋል።

---

የታቦር ልጅ

መምህር ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስትሪፕ ከማለትሽ በፊት አውቶኦሪየንት በዪ። ስልክ ብዙ ጊዜ ፎቶውን በጎኑ አስቀምጦ «ስታሳይ አዙረው» የሚል ምልክት ነው ውስጡ የሚጽፍበት። ስትሪፕ ያን ምልክትም አብሮ ይጠርገዋል፣ ከዚያ ሰዎቹ ሁሉ በጎናቸው ተኝተው ይመጣሉ። አውቶኦሪየንት መጀመሪያ ፎቶውን በእውነት ያዞረዋል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ አውቶኦሪየንት፣ ሪሳይዝ፣ ግራቪቲ፣ ኤክስቴንት፣ ስትሪፕ።

ስለ ላቴክ ፎቶውን እንዳለ ማስገባት የተባለው ለፋይሉ ክብደትም ያው ነው። ስላይዱ ላይ ቢያንስም ፒዲኤፉ ውስጥ ያለው ሙሉው 4000 በ3000 ነው። አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 20 ፎቶ 80 ሜጋባይት ነው። ጂሜይል ላይ ከ25 በላይ አባሪ አይሄድም። አዳራሹ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ደግሞ ገጽ ባዞርሽ ቁጥር እየተንገራገጨ ይከፍተዋል። በ1920 በ1080 ስታሳንሺው አንዱ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በታች ይሆናል።

ጽሑፉን ብቻ እያስተካከልሽ ባለሽበት ሰዓት ደግሞ ግራፊክስ ፓኬጁን ድራፍት አድርጊው፣ በፎቶው ምትክ ባዶ ሳጥን ከነፋይሉ ስም ያሳይሻል፣ ኮምፓይሉ ይፈጥናል። ኦቨርሊፍ (ላቴክን በኢንተርኔት የሚያሠራው ገጽ) ላይ ከሆንሽ በተለይ ይጠቅምሻል፣ ነፃው የኮምፓይል ጊዜ ገደብ አለበት።

---

ሐይቅዳር

መምህር፣ ቃል አጣሁ። ሰዎቹን ፊታቸውን ሸፈንኩላችሁ ብዬ ፋይሉን በእጄ ልሰጥ ነበር። አሁኑኑ ሁሉንም በስልክ ቆርጬ አዲስ አወጣለሁ፣ ስትሪፕም አደርጋለሁ።

---

ፎቶ ቤት ፒያሳ

@መምህር ከሐዋሳ እኔ በሥራዬ ስንት ዓመት ፎቶ ስቆርጥ ይሄን አላውቅም ነበር፣ ደንበኛ በፒዲኤፍ አድርግልኝ ሲል እንዲሁ ነው የምሰጠው። አመሰግናለሁ።

@ሐይቅዳር በስልክ ስትቆርጪ አንድ ነገር አስተውዪ። አንዳንዱ ስልክ ቆርጠሽ ስታስቀምጪው ኦሪጅናሉን ከሥሩ ይዞ ይቆያል፣ መልሺው ስትዪው ይመልሰዋል። ለራስሽ ደግ ነው። ወደ ላፕቶፑ ስታሻግሪ ግን የተቆረጠው መሻገሩን ከፍተሽ እዪ። ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ክፈቺና ስፋቱንና ቁመቱን አንብቢ፣ 4000 በ3000 ካለሽ ያልተቆረጠው ነው።

---

ኮድ ቤት

ማርፕም ሆነ ሪቪልጄኤስ ላይ ያው ነው፣ ካቨር ሲል የሚቆርጠው ለዓይን ብቻ ነው። ሪቪልጄኤስ ላይ እንዲያውም ፎቶው ለብቻው ፋይል ሆኖ ፎልደሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ማንም ከፍቶ ያየዋል። በየትኛውም ብትሠሩ አስቀድማችሁ ቁረጡ።

---

ሐይቅዳር

ሁሉም ተስተካክሏል፣ ፒዲኤፉም ቀሏል። ለአድቫይዘሬ ልኬለት አይቶታል፣ የመለኪያ ሰሌዳው ፎቶ ላይ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ይነበባል ወይ ብሎ ክፍሉ ውስጥ ከፍተን አየነው፣ ይነበባል።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን፣ ግማሽ ግማሽ ገጽ ይዘው፣ ያለ ምንም ክፍተት እንዲሞሉ እፈልጋለሁ። በግራ ሰፊ ዓይን ያለው መረብ፣ በቀኝ ጠባቡ፣ ሁለቱም ላይ ማስመሪያ አለ። በዩዝባክግራውንድቴምፕሌት ውስጥ ሁለት ኢንክሉድግራፊክስ አደረግኩ፣ እያንዳንዱን 0.5 ፔፐርዊድዝ። መሃላቸው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይታያል፣ የቀኙም በዚያችው ልክ ከገጹ ወጥቷል።

---

የታቦር ልጅ

ነጩ መስመር ባዶ ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ኢንክሉድግራፊክስ ጽፈሽ ወደ ቀጣዩ መስመር ስትወርጂ ላቴክ መስመር መውረድሽን በቃላት መካከል እንዳለ ክፍተት ይቆጥረዋል። ከመጀመሪያው መስመር መጨረሻ፣ ከጥምዝ ቅንፉ ቀጥሎ፣ ምንም ሳትለዪ የፐርሰንት ምልክት አድርጊ። ከዩዝባክግራውንድቴምፕሌት መክፈቻ ቅንፍ ቀጥሎም መስመር ወርደሽ ከሆነ እዚያም አድርጊ።

ሁለቱን ፎቶ ደግሞ 960 በ1080 አድርገሽ ቁረጪ። ግማሽ ገጽ 80 ሚሊሜትር በ90 ነው፣ ከዚያ ጋር ይገጥማል። መረቦቹን ለማነጻጸር ከሆነ ግን ሁለቱም ከአንድ ርቀት የተነሱ መሆናቸውን እዪ፣ ማስመሪያው በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ርዝመት ሆኖ መታየት አለበት። ካልሆነ አንዱን አሳንሺ ወይም አሳድጊ፣ ከዚያ ቁረጪ።

---

ሐይቅዳር

ፐርሰንቱ ሠራ፣ መስመሩ ጠፍቷል። ማስመሪያው ግን በሁለቱ ላይ አንድ አይደለም፣ የቀኙን ቀረብ ብዬ ነው ያነሳሁት። ነገ ጠዋት መረቦቹን በአንድ ርቀት መልሼ አነሳቸዋለሁ።